«ማን ከፍሎት ነው?»

በባሕር ዳር የሥነ ልቦና ምክር ስሰጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልጃቸው ተመሳሳይ ጾታ እንደሚያፈቅር የደረሱበት ወላጆች ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ማን ከፍሎት ነው?» መስማቱ ሰልችቶኛል።

«የውጭ ድርጅቶች ወጣቱን በዶላር ይመለምላሉ።»

አይመለምሉም። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን የአሜሪካውን ኢኳሊቲ ፌዴሬሽን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ የመብት ተሟጋች ማኅበራት ኅብረት ነው። እዚያ 50ዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው ምክር ቤትና ሕግ አላቸው፤ ስለዚህ ማኅበራቱ በየግዛታቸው ይሟገታሉ፣ ኅብረቱ ደግሞ ያገናኛቸዋል፣ መሪዎቻቸውን ያሠለጥናል። ሥራቸው የሕግ ረቂቅ ማንበብና ከምክር ቤት አባላት ጋር መከራከር ነው። «አሜሪካ ድሮም የፈቀደችው ነገር ነው» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ በቴክሳስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ወንጀል ነበር።

አንዲት እናት ከጣና ዳር መንደር በጀልባ መጡ (እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ)። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የልጃቸውን ስልክ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ክፈቺና የሚልኩለትን ብር አሳዪኝ» አሉኝ። ኢንተርኔት የማይከፍት ተራ ስልክ ነው። ቀሪ ሒሳቡ 4 ብር ከ60 ሳንቲም ነበር። ልጁ ከአባቱ ጋር ደንገል እያጨደ፣ ታንኳ እየሠራ ያደገ የ19 ዓመት ወጣት ነው። የድርጅት ስም ይቅርና፣ ይህ ስሜት ያለበት ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ መስሎት ነበር። እናቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፋዩን ሲፈልጉ፣ ልጃቸው እህል መቅመስ መተዉን አላስተዋሉም።

ወላጆች፣ እባካችሁ ከፋይ መፈለጉን ተዉት። ልጁ ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ስለ መሞት ያወራል ወይ? ካወራ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። አትምቱት፣ ለጎረቤት አታውሩበት፣ ከቤት አታስወጡት። መናኸሪያ አጠገብ በረንዳ ላይ ሲያድሩ ቆይተው ወደ እኔ የመጡ ልጆች አሉ፤ እዚያ የደረሰባቸውን ብትሰሙ በራችሁን ባልዘጋችሁ ነበር።

«በሽታ ነው።» የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ቀደም ብሎ በ1973። ጸበል የሚሄደውን አልከለክልም። በሰንሰለት ታስሮ የተወሰደ ልጅ ግን የሚመለሰው ቆስሎ ነው፤ የእጅ አንጓውን ያጠብኩለት አለ።

«ሕጉ መምታት ይፈቅዳል።» የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል፤ ይህን አልሸሽግም። ስሜትን ግን አይቀጣም፣ ለጎረቤትም ዱላ አላቀበለም። «ፎቶህን እበትነዋለሁ» እያለ ብር የሚጠይቅ ሰው ራሱ ወንጀል እየሠራ ነው። አትላኩለት፤ አንዴ የተከፈለው ደግሞ ይመጣል። መልእክቱን ሳታጠፉ ጠበቃ አማክሩ።