በሞቃት አየር የሞተር ዘይት በየስንት ጊዜ ይቀየራል?

የሞተር ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ወይም በወር ተቆጥሮ ነው። ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ይሠራል። በሞቃት አካባቢ ለሚነዳ መኪና ጋራዥ ውስጥ የተለመደው መልስ ይህ ነው፦ ሚኒራል የሚባለው ተራ ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ሲንተቲክ የሚባለው በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ከ7,500 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ለመነሻ ጥሩ ቁጥር ነው። ግን የዘይትን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀቱ ብቻውን አይደለም። እንዲያውም ሙቀቱ ከሚታማው ያነሰ ጥፋት ነው ያለበት።

ውጪው 20 ዲግሪ ሆነ 40፣ ጤነኛ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃውን ሙቀት በተርሞስታት፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ፣ እየተቆጣጠረ 90 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። ዘይቱም ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። ፒስተኑና ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ጋ ሲደርስ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ያገኘዋል። ይህ በብርድ አገርም ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሞተሩ ሲጨነቅ ነው። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ ራዲያተሩ በአቧራ ተደፍኖ ሲቆይ፣ የሚገባው አየር ራሱ ትኩስ ሲሆን ሙቀቱን የሚያስወግድበት ያጣል። ያኔ ዘይቱ 120ን ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ የኬሚስትሪ ልማዳዊ ስሌት አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ከ100 ወደ 120 ዲግሪ የወጣ ዘይት አራት እጥፍ ቶሎ ያረጃል ማለት ነው። ያረጀ ዘይት ይወፍራል፣ አሲድ ይፈጥራል፣ በመጨረሻም መካኒኮች ጭቃ የሚሉት ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ጭቃው ቀጫጭኑን የዘይት መተላለፊያ ከደፈነ ብሮንዚኑ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ደረቅ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የሞተር መውረድ ነው።

በሌላ በኩል ሙቀት ውለታም አለው። በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ሳይሞቅ ይጠፋል። ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በሞቃት አካባቢ ይህ ችግር ቀላል ነው።

ማኑዋሎች ሁለት ሰንጠረዥ አላቸው። የመጀመሪያው ለመደበኛ አነዳድ ነው። ብዙ ሰው ገልጦ የማያየው ሁለተኛው ለከባድ አነዳድ የተዘጋጀ ነው። አቧራ፣ ጭነት መጎተት፣ ሞተር አስነስቶ ረጅም ሰዓት መቆም፣ አጫጭር ጉዞ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ብዙዎቹ የመቀየሪያውን ርቀት በግማሽ ይቆርጡታል። የሂዩንዳይ ማኑዋሎች ከ32 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትንም ይጠቅሳሉ፤ ግን ከተጨናነቀ ትራፊክ ጋር አጣምረው ነው። አጻጻፉ የድሮ መካኒኮች ሲሉት የኖሩትን ነው የሚደግመው። እዚያው ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል። አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር እንደመሄድ ይታሰባል። ቀኑን ሙሉ ትራፊክ ውስጥ የሚውል ታክሲ 5,000 ሲሞላ ዘይቱ ከዚያ በጣም የራቀ ሥራ ሠርቷል።

አቧራው ደግሞ ከሙቀቱ የባሰ ነው። ሞቃትና ደረቅ ቦታ አቧራ አያጣም። በተቀደደ ወይም በደንብ ባልተገጠመ የአየር ፊልትሮ የገባ ደቃቅ አሸዋ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ሲሊንደርና ፋሻ ይቧጭራል። ያገለገለ ዘይት ላቦራቶሪ ሲመረመር ሲሊኮን፣ ማለትም በአሸዋ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ከፍ ብሎ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የአየር ፊልትሮውን ረስቶ ዘይት ብቻ ቶሎ ቶሎ መቀየር ትርፉ ትንሽ ነው።

ስለ ውፍረቱ ክርክር አለ። የዘይት ውፍረት መለያ በአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስ.ኤ.ኢ.፣ ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘረጋ ነው። በ5ደብሊው-30 ላይ ደብሊው ክረምትን ያመለክታል፤ ለብርድ ማስነሻ ነው። የኋላው ቁጥር በ100 ዲግሪ የሚለካ ነው። 40 ቁጥር ዘይት በዚህ ሙቀት ከ30 ቁጥሩ ይወፍራል። በሞቃት አካባቢ 40 ይሻላል የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ ቶዮታም ለአንዳንድ ገበያ ባሳተማቸው ማኑዋሎች እንደ አየሩ ሙቀት ወፈር ያለ ዘይት ይፈቅዳል። ሌሎች ቀጭኑ ለአዲስ ሞተር ተብሎ የተሠራ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፣ የሚዳኘው ማኑዋሉ ነው። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ ወፍራም ዘይት አደረግሁ ብሎ መቀየሪያውን ማራዘም አይቻልም።

ሲንተቲክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተራ መኪና ገበያ ወጣ። ሙቀትን የሚቋቋመውም የማይተነውም ከሚኒራሉ በተሻለ ነው።

በሞቃት አካባቢ ከመቀየሩ እኩል የሚያስፈልገው መጠኑን ማየት ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ብዙ ነው። ቶዮታ ራሱ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር መጉደልን በማኑዋሉ ይታገሳል። 4 ሊትር የሚይዝ ሞተር በዚያ ልክ ከበላ 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሹ የለም። የቀረው ግማሽ ደግሞ የሁሉንም ሙቀት ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስቦ በጨርቅ መጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሶ ማስገባትና እንደገና መሳብ። ሁለተኛው ንባብ ነው ትክክለኛው። ቀለሙ መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። በጣት መሃል ሲታሽ የሚቆረቁር ከሆነ ግን ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሲቀየር ዘይቱ ለብ ብሎ እንጂ ፈልቶ አይፈሰስም፤ ለብ ያለው ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፣ የፈላው እጅ ይልጣል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። የአዲሱ ፊልትሮ የጎማ ቀለበት በአዲስ ዘይት ጣት ነክሮ ይቀባል፣ ከዚያ በእጅ ይጠበቃል። በቁልፍ ያጠበቀው ሰው በሚቀጥለው ሰርቪስ ፊልትሮውን ሲፈታ ይቸገራል።