«እይታ» ምንድን ነው? ቆጣሪው የሚቆጥረውና የማይቆጥረው

አንድ የንግድ ተንታኝ ስለ ሞባይል ቪዲዮ ገበያ ሲያብራራ ሰማሁት። የአንድ ድርጅት ቪዲዮዎች እንደ ዩቲዩብና ቲክቶክ ባሉ አምስት መድረኮች ላይ ያገኙትን እይታ ደመረና አሥር ሚሊዮን አለ። ቀጥሎ አሥር ሚሊዮን ሰው አይቷል አለ። ከዚያም ከመቶ አንዱ ብቻ ቢገዛ መቶ ሺህ ደንበኛ አለ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። በሦስት ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት። ይህን ስሌት ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። የሚያሳስበኝ ስሌቱን አምነው ተበድረው ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

በሰዎች ስልክ ላይ ያሉ የቪዲዮ ማጫወቻዎች ወደ ሰርቨር የሚልኳቸውን መልእክቶች መሰብሰብ፣ ማጣራትና መተርጎም ሥራዬ ነው። እይታ የሚባለው ነገር የሚወለደው እዚህ ነው። ማጫወቻው «ተጀመረ» ወይም «እዚህ ሰከንድ ላይ ደረሰ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ መድረኩ ራሱ ባወጣው ደንብ ይመዝነውና «ይቆጠር» ይላል። ይኸው ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ ዓይን የለም፤ ሰውም የለም። የአማርኛው ቃል «እይታ» በመሆኑ ግን ያየ ሰው የግድ ያለ ይመስለናል፤ የስሕተቱ ግማሽ የሚመጣው ከዚሁ ከቃሉ ነው።

የአንድ ትልቅ አዳራሽ በር አስቡ። በማጠፊያው ላይ ቆጣሪ ተገጥሟል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ገብቶ እስከ መጨረሻ የተቀመጠው፣ አንገቱን አስግጎ የተመለሰው፣ በር ተሳስቶ የከፈተው፣ ሁሉም አንድ አንድ ናቸው። አንድ ልጅ እየከፈተ እየዘጋ ቢጫወት ሃያ ይሆናል። ነፋስ ቢከፍተውም ቆጣሪው አንድ ብሎ ይመዘግባል።

በሞባይል ላይ ይህ ነፋስ ብርቱ ነው። ስልክ የያዘን ሰው እጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አውራ ጣቱ ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል። አዲስ ቪዲዮ ከታች ብቅ ይላል፤ ማንም ሳይነካው፣ አንዳንዴም ያለ ድምፅ፣ በራሱ ይጀምራል። የሰውየው ሐሳብ ገና ከፊተኛው ቪዲዮ አልተላቀቀም። ጣቱ እንደገና ይገፋል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አልሞላም፤ ሰውየው ምን እንዳለፈው ቢጠየቅ አያስታውስም። ሰርቨሩ ግን መልእክቱን ተቀብሏል።

መልእክቱ እይታ ይሁን አይሁን የሚወስነው መድረኩ ነው፤ ደንቡም እንደየቤቱ ይለያያል። ቲክቶክ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ይቆጥራል። ፌስቡክ ለረጅም ጊዜ 3 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር። ዩቲዩብ ሊዘለሉ የሚችሉ ማስታወቂያዎችን በሚመለከት ተመልካቹ 30 ሰከንድ እስኪያይ፣ ማስታወቂያው ከዚያ ካጠረ እስኪጨርሰው፣ ወይም እስኪነካው ይጠብቃል። ኔትፍሊክስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንቡን ቀይሯል። መጀመሪያ የአንድን ሥራ 70 ከመቶ ያየን ሰው ይቆጥር ነበር፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2 ደቂቃ ያየውን ሁሉ ወደ መቁጠር ዞረ፤ በ2023 ደግሞ የታየውን ጠቅላላ ሰዓት ለሥራው ርዝመት አካፍሎ ውጤቱን እይታ አለው። አንዱ በሩ ገርበብ ሲል ይቆጥራል፣ ሌላው እግር ደፉን ሲረግጥ፣ ሌላው እንግዳው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ። ተንታኙ የደመረው እነዚህን ነው። አምስት የተለያዩ በሮች ላይ አምስት የተለያዩ ነገሮች ተቆጥረው አንድ ድምር ሊወጣላቸው አይችልም።

አንድ መድረክ ብቻ ብንወስድም በሩ ባለበት አይቆይም። ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ላይ ዝቅተኛውን የቆይታ ጊዜ አንሥቶ ቪዲዮው በተጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ወር በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዕድገት» የሚል ሰው ያነጻጸረው ሁለት ደንቦችን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። መድረኩ የቀድሞውን አቆጣጠር አልጣለውም፤ ሌላ ስም ሰጥቶ አቆየው፣ ለአዘጋጆች የሚከፍለውንም የሚያሰላው በእርሱ ነው። በቪዲዮው ላይ የሚታየው ቁጥርና ገንዘብ የሚከፈልበት ቁጥር ሁለት ናቸው። ይህን ያደረገው የበሩ ባለቤት ራሱ ነው።

አማካይ የእይታ ጊዜን ብንመለከትስ? ይሻላል፤ ግን እዚህም ወጥመድ አለ። በ2016 ፌስቡክ ለማስታወቂያ ደንበኞቹ ያሳየው አማካይ የእይታ ጊዜ የተጋነነ እንደነበር አመነ። ስሕተቱ የማካፈል ስሕተት ነበር። በምሳሌ ላሳይ፦ አንድ ቪዲዮ ለ100 ሰው ጀመረ እንበል። 80ዎቹ በአንድ ሰከንድ አለፉት፤ 20ዎቹ አሥር አሥር ሰከንድ ቆዩ። ጠቅላላው 280 ሰከንድ ነው፤ ለ100 ሲካፈል 2.8 ሰከንድ ይሆናል። ከ3 ሰከንድ በታች ያዩት ከአካፋዩ ሲወጡ ግን ያው 280 ለ20 ይካፈላልና 14 ሰከንድ ይመጣል። ቪዲዮውም ሰዎቹም አልተለወጡም፤ አምስት እጥፍ ልዩነት የፈጠረው አካፋዩ ነው። በፌስቡክ ላይ የደረሰው ግነት ከ60 እስከ 80 ከመቶ እንደሚሆን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ተነገረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አማካይ ሲነገረኝ ስንት ሰከንድ ለስንት ሰው ተካፍሎ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ፍትሐዊ ለመሆን ቆጣሪው አንዳንዴ እንደሚያጎድልም መናገር አለብኝ። ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ስልኩ መልሶ ይልከውና አንዱ ሁለት ይሆናል፤ እኛ ደግሞ የተደገመውን ለይተን መጣል አለብን። ሦስት ሰዎች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቢያዩ ቆጣሪው አንድ ነው የሚለው። «እይታውን ተዉና የተመልካቹን ቁጥር ስጡን» የሚሉንም አሉ፤ እርሱም ግምት ነው። የምናውቀው መሣሪያውን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ሁለት ስልክ ያለው ሰው ሁለት ሊሆን ይችላል፣ መተግበሪያውን አጥፍቶ የጫነም እንደ አዲስ ሰው ሊመጣ ይችላል። በዩቲዩብ የመጀመሪያ ዓመታት የቪዲዮዎች ቁጥር 301 ላይ ደርሶ የሚቆመውም እውነተኛው እይታ ከሐሰተኛው እስኪጣራ ነበር፤ ይህ አሠራር የቀረው በ2015 ነው።

ከእይታ ሸሽተው ወደ ዳታ የሚሄዱም ያው ጉድጓድ ይጠብቃቸዋል። በዓለም ላይ ከሚመላለሰው የሞባይል ዳታ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ቪዲዮ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ለኔትወርክ ባለቤቶችም ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለ ተመልካች የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነውና፣ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ጥራቱ ጨምሮ 4 ሜጋቢት ሲሆን ያው ደቂቃ 30 ሜጋባይት ይሆናል። ሰውየው አንድ፣ ደቂቃዋም አንድ ናት። በተቃራኒው እንደ ኤቪ1 ያሉ አዳዲስ የማመቂያ ዘዴዎች ያንኑ ጥራት ባነሰ ዳታ ያደርሳሉ፤ ያኔ ተመልካቹ እያደገ ዳታው ሊቀንስ ይችላል። መተግበሪያዎቹ ደግሞ ጣቱ ሲገፋ ቪዲዮው ሳይዘገይ እንዲጀምር የሚቀጥለውን ቁራጭ አስቀድመው ያወርዳሉ። በሩ ሳይከፈት ዕቃው ደጃፍ ላይ ተራግፏል ማለት ነው፤ ባለቤቱም ሳያየው ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመገናኛ ብዙኃንን ልኬት የሚያረጋግጠው የሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል ባወጣው መመዘኛ አንድ የቪዲዮ ማስታወቂያ «ሊታይ ችሏል» የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ፒክሴሉ ለ2 ተከታታይ ሰከንድ ስክሪን ላይ ከቆየ ነው። የእንግዳው ግማሽ አካል ለሁለት ሰከንድ ከደፉ ወዲህ ነበር ማለት ነው። «ሊታይ ችሏል» የሚለውን ልብ በሉ፤ መመዘኛው «ታየ» አይልም። ዩቲዩብ ረዘም ባሉ ቪዲዮዎች ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶውን ለአዘጋጁ ይሰጣል፤ በአጫጭሮቹ ላይ ለአዘጋጆች ከተመደበው ድርሻ 45 ከመቶ ነው። ማስታወቂያ የሌለበት፣ ወይም ማስታወቂያ ሰጪ የማይፈልገው እይታ ሚሊዮን ቢሆን ለዚህ ስሌት ዜሮ ነው።

የዩቲዩብ የራሱ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ2012 ለተመልካቾች ቪዲዮ ሲጠቁም ዋና መመዘኛ ያደረገውን የእይታ ብዛት ወደ እይታ ጊዜ ቀየረ፤ ምክንያቱም አጓጊ ርዕስና ምስል ሰዎች በሩን እንዲከፍቱ ያደርጉ ነበር፣ ውስጥ ግን አያቆዩም ነበር። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱም በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ነው። ለሰዓት ይህን ያህል ክብደት የሰጠውን መድረክ እየተጠቀሙ በመክፈቻ ብዛት መኩራራት ይገርመኛል።

«ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ስለዚህ ገበያው አለ» የሚለውም የዚሁ ስሌት ወንድም ነው። ኩዊቢ የተባለው የቪዲዮ አገልግሎት 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ ለስልክ ብቻ የተሠሩ ከ10 ደቂቃ የማይበልጡ ዝግጅቶችን ይዞ፣ በኤፕሪል 2020 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተዘጋ። ለመውደቁ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ ሰዎች ከቤት እንዳይወጡ ያደረገው ወረርሽኝም አንዱ ነው። ስልኩ በሰዎች እጅ መኖሩ ግን ሰዎቹ ከፍለው እንዲያዩ አላደረጋቸውም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ሌሊት ነው። አንዲት ወጣት አዘጋጅ በአንድ ምሽት ያገኘችው እይታ በድንገት ስለጨመረ ምክንያቱን እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። ሁለት ሠራተኛ ልትቀጥር፣ ብድርም ልትጠይቅ አስባለች። መዝገቡን ከፈትሁ። የ40 ሰከንድ ቪዲዮዋ በአንድ ስልክ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት 270 ጊዜ ተጫውቷል። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ስክሪኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነካም፤ ድምፁ እስከ መጨረሻ ዝቅ ብሏል። ስልኩ ኃይል መሙያው ላይ ተሰክቶ፣ ባለቤቱ ምናልባት እንቅልፍ ወስዶት፣ ቪዲዮው ራሱን እየደገመ አድሯል። በዚያ ሌሊት እንዲህ ያሉ ስልኮች ሌሎችም ነበሩ። አንድ በአንድ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ።

ከዚያ ሌላ ነገር አብረን አየን፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቢጠይቅ የምመኘው እርሱን ነው። ቪዲዮው ላይ በየሰከንዱ ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳይ መሥመር አለ። በብዙ ቪዲዮ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ገደል ይወርዳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። የእርሷም ወርዷል፤ ነገር ግን ከገደሉ በታች እስከ መጨረሻው ያልተበጠሰ ቀጭን መሥመር ነበር። እነዚያ መሣሪያዎች እነማን ናቸው ብለን ስንከተላቸው፣ ብዙዎቹ ባለፈው ሳምንትም መጥተው ነበር፤ ከፊሎቹ ስሟን ጽፈው ፈልገው የመጡ ናቸው። በቆጣሪው ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ሰው ስልክ ጋር እኩል አንድ አንድ ተብለው የተጻፉ ሰዎች እነዚህ ናቸው።

አዘጋጇ የብድር ማመልከቻዋን እንደገና ጻፈች። የእይታውን ድምር ከመጀመሪያው ገጽ አውጥታ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመለሱትን መሣሪያዎች ቁጥርና ያዩትን ጠቅላላ ሰዓት አስገባች። አበዳሪው ቁጥሩ ለምን እንዲህ አነስተኛ ሆነ ብሎ ሲጠይቃት የበሩን ነገር አስረዳችው፤ እርሱም የሚቀጥለውን ወር ቁጥር በዚሁ አቆጣጠር እንድታመጣለት ጠየቃት።