ሄፓሪን ላይ ያለ ታካሚ ፕላትሌቱ ሲወርድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሄፓሪን የምንሰጠው ደም እንዳይረጋ ነው፣ አንዳንዱ ታካሚ ግን ሄፓሪኑ ፒኤፍ4 ከሚባለው የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል) ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ ሰውነቱ አንቲቦዲ ይሰራበታል፣ እሱ ደግሞ ፕላትሌቱን ይቀሰቅሰውና ቁጥሩ እየወረደ ደሙ ይረጋል። ሂት (HIT፣ በሄፓሪን ምክንያት የሚመጣ የፕላትሌት መውረድ) የሚባለው ይሄ ነው።

"ፕላትሌት ከወረደ የሚያሰጋው መድማት ነው"

እዚህ ጋ ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ ከ20 ሺህ በታች የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው፣ የሚገድለው እግርና ሳንባ ላይ የሚረጋው ደም ነው። እየደማ ካልሆነ ወይ ከባድ ፕሮሲጀር ካልጠበቀው ፕላትሌት አትስጡት።

"ከ150 ሺህ በላይ ነው፣ ኖርማል ነው"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። 400 ሺህ የነበረ ሰው 180 ሺህ ሲገባ ላቦራቶሪው ኖርማል ብሎ ይመልሰዋል፣ ግን እኮ ከግማሽ በላይ ወርዷል! ቻርቱን ወደኋላ ገልብጣችሁ ሄፓሪን ሳይጀመር የነበረውን ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) እዩ፣ ቀኑንም ቁጠሩ፣ አብዛኛው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው የሚመጣው፣ ባለፈው አንድ ወር ሄፓሪን ወስዶ ከነበረ ግን በአንድ ቀንም ሊወርድ ይችላል። ከዛ ፎር ቲ ስኮር (ሂት የመሆን እድሉን በነጥብ የሚገምት መለኪያ) ስሩ፦ ምን ያህል ወረደ፣ መቼ፣ አዲስ ክሎት (የረጋ ደም) አለ ወይ፣ ሌላ ምክንያትስ። የነጥቡ ድምር እስከ 3 ከሆነ ሂት መሆኑ በጣም ያጠራጥራል፣ ሴፕሲስና ሌሎች መድሃኒቶችን ፈትሹ። 4 እና ከዛ በላይ ከሆነ የአንቲቦዲ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሄፓሪኑን አቁሙ።

"ሄፓሪኑን ካቆምን በቃ"

አንቲቦዲው ለሳምንታት ይቆያል፣ ዝም ከተባለ ግማሽ የሚሆኑት በአንድ ወር ውስጥ ክሎት ይይዛቸዋል። ሄፓሪን ያልሆነ ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድሃኒት፣ አርጋትሮባን፣ ፎንዳፓሪነክስ ወይ ሪቫሮክሳባን መጀመር አለበት (ኩላሊቱ ለደከመ ፎንዳፓሪነክስ አይሆንም)። ደግሞ ማቆም ማለት ሁሉንም ነው፣ ኦርደሩ ላይ ቆሟል ተብሎ ተጽፎ የካቴተር ፍላሹ (ካቴተሩ እንዳይዘጋ የሚታጠብበት) እና የዲያሊሲሱ ሄፓሪን ከቀጠለ አልቆመም።

"ወደ ኢኖክሳፓሪን እንቀይረው"

አይሆንም፣ እሱም የሄፓሪን ዓይነት ነው፣ አንቲቦዲው እሱንም ያውቀዋል።

"ዋርፋሪን እናስጀምረው"

ዋርፋሪንም ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሃኒት ነው፣ ግን ቶሎ ከተጀመረ መጀመሪያ ፕሮቲን ሲን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል የሰውነት ፕሮቲን) ስለሚያወርደው ክሎቱን ያባብሳል፣ እግር እስከማስቆረጥ የሚያደርስ ጋንግሪን ያመጣል። ፕላትሌቱ 150 ሺህ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ተጀምሮ ከሆነም አቁማችሁ ቫይታሚን ኬ ስጡ።

"አንቲቦዲው ፖዘቲቭ ከሆነ ሂት ነው"

ኤላይዛው (አንቲቦዲውን የሚፈልገው የደም ምርመራ) ሂት ሳይኖርም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ ከስኮሩ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ሂት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን አለርጂ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሄፓሪን ብላችሁ ጻፉ፣ ለታካሚውና ለቤተሰቡም ንገሩ፣ ነገ ሌላ ሆስፒታል ቢተኛ ካርዱን የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላልና።