ስለ ባትሪ አሲድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ባትሪው ደክሟል፣ አሲድ ጨምርበት።"

ይሄን ምክር በሰማሁ ቁጥር ለባትሪው አዝናለሁ። አሲዱ የትም አልሄደም። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ የአሲዱ ክፍል የሆነው ሰልፌት ከፈሳሹ ወጥቶ የሊድ (የእርሳስ) ፕሌቶቹ ላይ ይለጠፋል፤ ፈሳሹም ይቀጥናል። ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል። ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፦ ሙሉ ባትሪ 1.27 ገደማ ያነባል፣ ባዶው ወደ 1.12 ይወርዳል። ስለዚህ የደከመ ባትሪ የሚፈልገው ቻርጅ ነው። አሲድ ከተጨመረበት ግን ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከልክ በላይ ይበረታል፣ ፕሌቶቹንም ይበላቸዋል።

በጊዜ ብዛት የሚቀንሰው ውሃው ነው። ሙቀት ያተነዋል፤ ቻርጅ ሲደረግም ከፊሉ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል።

"ታዲያ የቧንቧ ውሃስ ምን አለው?"

ማዕድን አለው። ማዕድኑ ባትሪው ውስጥ ይቀርና ያዳክመዋል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፣ እሱንም ቻርጅ ከተደረገ በኋላ። ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድሞ የተሞላ ባትሪ ይገነፍላል። ፕሌቶቹ ከፈሳሹ በላይ ከታዩ ግን እነሱን እስኪሸፍን ብቻ አስቀድሞ ይጨመራል።

"ደረቅ ባትሪ አሲድ የለውም።"

ስሙ ነው ያሳሳተን። አሲድ አለው። አንዳንዱ ላይ ክዳኑ ስለታሸገ ብቻ አናየውም፤ ሌላው ላይ ደግሞ ስስ የመስታወት ክር እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይዞታል። ከተሰነጠቀ እንደማንኛውም ባትሪ ተጠንቀቁት።

"ፈሳሹን በላይተር ብርሃን ባየው ምን ችግር አለው?"

እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉ! ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ደግሞ አሲዱን ፊት ላይ ይረጨዋል። ባትሪ ስትነኩ መነጽር አድርጉ፣ ለማየትም የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ።

"እጄን ካላቃጠለኝ ምንም አይልም።"

የባትሪ አሲድ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ውሃው ሲተን ግን የቀረው አሲድ እየበረታ ይሄዳል። ሱሪ ላይ ጠብ ያለው ዛሬ አይታወቅም፤ ሲታጠብ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ቆዳን ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ቆዩ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ቤኪንግ ሶዳ አሲድ ለፈሰሰበት ወለል ጥሩ ነው፤ ዓይን ውስጥ ግን በፍጹም አይገባም።