በክላስተር ውስጥ ዋናው መሣሪያ ሪስታርት ሲደረግ

በባንክ ወይም በሆስፒታል የሰርቨር ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት አንድ ዓይነት ራውተሮች (መረጃን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉ) ወይም ፋየርዎሎች (የሚያልፈውን መረጃ የሚፈትሹ) ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። እንዲህ ተጣምረው እንደ አንድ መሣሪያ ሲያገለግሉ ክላስተር ይባላሉ። ተረኛው ዋና ነው፤ ሌላው ተጠባባቂ። ከጀርባቸው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁለት መሆናቸውን አያውቁም። የሚያውቁት አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ ነው። አድራሻውን ደግሞ የሚይዘው በሰዓቱ ዋና የሆነው ነው።

ዋናው ሪስታርት ሲደረግስ? «ተጠባባቂው ይረከባል» የሚለው መልስ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ተመልሶ ሲነሳ ሁለተኛ ርክክብ ሊኖር ይችላል። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይኸኛው ያሳስበኛል።

ርክክቡን ለመረዳት ቪአርአርፒ የሚባለውን ፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ማየት ይጠቅማል። ክፍት ስታንዳርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አርኤፍሲ 2338 በተባለ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ ወጣ፣ በ2024 ደግሞ በአርኤፍሲ 9568 ታደሰ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናው በየ1 ሰከንዱ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ተጠባባቂው ያዳምጣል። መልእክቱ ለ3 ሰከንድ ከጠፋ ትንሽ ጨምሮ ይጠብቅና ቦታውን ይይዛል። ጭማሪዋ የምትሰላው ከፕራዮሪቲው ነው፣ ማለትም ለየመሣሪያው ከሚሰጠው የቅድሚያ ቁጥር፦ ከ256 ላይ ፕራዮሪቲው ይቀነስና ለ256 ይካፈላል። በተለመደው ፕራዮሪቲ፣ ማለትም በ100፣ 0.61 ሰከንድ ገደማ ትሆናለች። ፕራዮሪቲው ከፍ ያለ ተጠባባቂ ጭማሪው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ይቀድማል።

እዚህ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድና መሣሪያው በሥርዓት ሲጠፋ ልዩነት አለ። መብራት ከሄደ ዋናው ምንም ሳይናገር ይጠፋል፤ ተጠባባቂው 3.61 ሰከንዱን ሙሉ ይጠብቃል። በትእዛዝ ሲጠፋ ግን ስታንዳርዱ «ከመሄድህ በፊት ፕራዮሪቲህን 0 ብለህ አስታውቅ» ይለዋል። ተጠባባቂው 0ን ሲያይ ሦስቱን ሰከንድ ትቶ ጭማሪዋን ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ 0.61 ሰከንድ ውስጥ ይረከባል። ገመዱን ከመንቀል ትእዛዙን መጻፍ የሚሻለው ለመሣሪያው ጤና ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የጋራው ማክ አድራሻም (በአካባቢው ኔትወርክ መሣሪያ የሚታወቅበት) አብሮ ወደ አዲሱ ዋና ይዞራል። አዲሱ ዋና ወዲያው የኤአርፒ ማስታወቂያ (አይፒው በየትኛው ማክ አድራሻ እንደሚገኝ የሚናገር መልእክት) ይበትናል። ስዊቾቹ (መሣሪያዎቹን በገመድ የሚያገናኙት) ያን ሲያዩ ትራፊኩን በሌላ ፖርት መላክ ይጀምራሉ። ተጠቃሚው ኮምፒውተር ምንም መቀየር የለበትም።

ራውተር ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ፋየርዎል ግን የተከፈተውን እያንዳንዱን ሴሽን፣ ማለትም በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የተጀመረ ግንኙነት፣ መዝግቦ ይይዛል። መዝገቡ ተጠባባቂው ጋ ካልተገለበጠ፣ አዲሱ ዋና በመሃል የመጣ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ሲደርሰው አጀማመሩን ስላላየ ይጥለዋል። ኢንተርኔት የሚያስስ ሰው ገጹን በድጋሚ ከፍቶ ያልፋል። ትልቅ ፋይል እያወረደ ያለ ወይም በርቀት ሰርቨር ላይ የገባ ሰው ግን ይቋረጥበታል። በፎርቲጌት ፋየርዎሎች ላይ ሴሽን የማስተላለፉ ምርጫ ከፋብሪካ ሲመጣ የተዘጋ ነው። ክላስተር ሠርተው ይህን ሳይከፍቱ የሚተዉ ብዙዎች ናቸው፤ በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ቢከፈትም በፕሮክሲ መንገድ፣ ማለትም ፋየርዎሉ መሃል ገብቶ ግንኙነቱን ራሱ እየተቀበለ፣ እየተፈተሹ ያሉት ሴሽኖች አይሻገሩም።

ጁኒፐር የተባለው ኩባንያ በኤስአርኤክስ ፋየርዎሎቹ ላይ ሥራውን በቡድን ይከፍለዋል። ቡድን 0 የመሣሪያውን አንጎል ይመለከታል፤ ሩቲንግን (መረጃ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥን) ጨምሮ። ከቡድን 1 ጀምሮ ያሉት ትራፊኩ የሚያልፍባቸውን ኢንተርፌሶች ይይዛሉ። ስለዚህ አንጎሉ በአንዱ፣ ትራፊኩ በሌላው መሣሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም የያዘው መሣሪያ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሁለቱም በአንዴ ይዛወራሉ። ቡድን 0 ሲዛወር ሩቲንጉ በአዲሱ መሣሪያ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። ግሬስፉል ሪስታርት (ጎረቤቶች ሩቲንጉ እስኪነሳ መንገዶቹን እንዲያቆዩ የሚያደርገው) ካልተዋቀረ፣ ከጎረቤት ራውተሮች ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። ፋየርዎሉ ሳይሞት መንገዱ ይጠፋል።

አሁን ወደ መመለሻው። ዋናው ተነስቶ ፕራዮሪቲዬ ይበልጣል ብሎ ቦታውን መልሶ ሲቀማ ፕሪኤምፕት ይባላል። በቪአርአርፒ ይህ ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው የበራ ነው። ችግሩ መሣሪያው ከሩቲንጉ ቀድሞ መንቃቱ ነው። «አለሁ» ማለት ይጀምራል፣ ትራፊኩን ይረከባል፣ ግን ከኦኤስፒኤፍ ወይም ከቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡባቸው ፕሮቶኮሎች) ጎረቤቶቹ መንገዶቹን ገና አልተማረም። የመጣለትን ሁሉ ይጥላል። ሪስታርቱ ሲደረግ ማንም ሳያውቅ ያለፈው ኔትወርክ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ሁሉም ሰው ተረጋግቶ ሳለ ይቋረጣል። መፍትሔው ፕሪኤምፕቱን ማዘግየት ወይም ጨርሶ ማጥፋት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች እኩል አቅም ካላቸው እኔ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። ማን ዋና እንደሆነ ተጠቃሚውን አይመለከተውም።

በመሃሉ ያለው ጊዜም ቀላል አይደለም። ፋየርዎል ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በእነዚያ ደቂቃዎች ክላስተሩ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ሁለቱም መሣሪያዎች ትራፊክ የሚካፈሉ ከሆኑ ደግሞ ሂሳቡ አስቀድሞ መሠራት አለበት። እያንዳንዳቸው የአቅማቸውን 70 በመቶ ይጠቀሙ ከነበረ፣ የቀረው ብቻውን 140 በመቶ ይጠየቃል። አይችለውም።

የሁለቱ መነጋገሪያ መስመር በስዊች ውስጥ የሚያልፍ ከሆነም ጥንቃቄ ያሻል። ያ ስዊች ሪስታርት ቢደረግ ሁለቱም ጤነኞች ሳሉ እርስ በርስ መስማማት ያቅታቸዋል። ተጠባባቂውም «እኔ ነኝ ዋናው» ሊል ይችላል። ያኔ አንድ አድራሻ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል። ቢቻል በቀጥታ ገመድ ማገናኘት ይሻላል።

ሥራው በእቅድ ከሆነ በመጀመሪያ በእጅ አስረክቦ፣ ሴሽኖቹ መሻገራቸውን አይቶ፣ ከዚያ ባዶ የቀረውን ሪስታርት ማድረግ ነው። በኤስአርኤክስ ላይ ግን ሁለት ነገር መታወስ አለበት። ቡድን 0 አንዴ ከተዛወረ በኋላ በነባሪው ለ300 ሰከንድ መልሶ አይዛወርም። በእጅ ያስረከቡት ቡድን ደግሞ በአዲሱ ዋና ላይ ፕራዮሪቲው 255 ይሆናል። በትእዛዝ እስኪሰረዝ ድረስ ሌላ የእጅ ርክክብ አይቀበልም።