የኳርተርባክ ድራፍት ምንድን ነው?

በየዓመቱ በየካቲት ወር ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ የወጣት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ስንዝር ይለካል፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። ቁመታቸው ይመዘገባል፣ ይሮጣሉ፣ ይወረውራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጆ በሮው ስንዝር 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ሲገኝ፣ ለኳርተርባክ ያንሳል ተብሎ ብዙ ተወራ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን የሲንሲናቲን ክለብ ለሱፐር ቦውል፣ ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አበቃ።

ኳርተርባክ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን ተቀብሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ተጫዋች ነው። ድራፍት ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል) 32 ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። እኛ በለመድነው የአውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ እዚህ ግን ተራው ካልተለዋወጠ በቀር ቀድሞ የሚመርጠው ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ክለብ ነው። የወደቀውን ለማንሳት የታሰበ ደግ ሥርዓት ነው። መዘዙ ግን ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚገባው መከላከያው ወደሳሳ፣ አሰልጣኙም ወንበሩ ወደተነቃነቀበት ቤት መሆኑ ነው።

በሜትር የማይለካው ነገር ሜዳ ላይ ይታያል። አሰልጣኙ ትእዛዙን በኳርተርባኩ የራስ ቁር ውስጥ በተገጠመ ድምፅ ማጉያ ይነግረዋል፤ ኳሱን ለማስጀመር የተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ድምፁ ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር በልጁ እጅ ነው። ኳሱ ከደረሰው በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። ግዙፍ ተከላካይ እየመጣበት፣ ኳሱን የሚቀበለው የቡድን ጓደኛው ገና ፊቱን ሳያዞር፣ ሊደርስበት ወዳለው ቦታ መወርወር አለበት። በዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሰፊ የነበረው ክፍተት እዚህ የክንድ ያህል ይጠባል።

በ1998 ኢንዲያናፖሊስ ፔይተን ማኒንግን አንደኛ፣ ሳን ዲዬጎ ራያን ሊፍን ሁለተኛ አድርገው መረጡ። ማኒንግ በመጀመሪያው ዓመት 28 ኳስ ተጠለፈበት፤ ክለቡም ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸነፈ። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ተስፋ ቢቆርጡበት ማን ይፈርድባቸው ነበር? ታገሡት፤ አምስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ፣ ሁለት ጊዜም ዋንጫ አነሣ። ሊፍ በበኩሉ ትከሻው ተጎዳ፣ ከጋዜጠኞችም ከክለቡም ተጣላ፣ በሦስት የውድድር ዘመን ተሰናበተ። ከምርጫው ቀን በፊት ሁለቱን እኩል የሚያዩ ባለሙያዎች ጥቂት አልነበሩም።

ትዕግሥት ሁሉን ይፈታል እንዳልል ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ አለች። በ2021 ሦስተኛውን ተራ ለማግኘት የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቿን ሰጥታ ትሬይ ላንስን ወሰደች። ልጁ በዩኒቨርሲቲ በቋሚነት የተሰለፈው 17 ጨዋታ ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የተጫወተው አንድ ብቻ ነው። በ2022 ያው ክለብ በ262ኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ተራ ብሮክ ፐርዲን መረጠ። ፐርዲ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሲሰለፍ፣ ሲሳሳትና ሲያርም የኖረ ነው። ላንስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ በቀጣዩ ዓመት በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተሰጠ። በየካቲት 2024 ፐርዲ በሱፐር ቦውል ሲሰለፍ ላንስ የዳላስ ተጠባባቂ ነበር።