ስሊፒንግ ባጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያሞቅም

ሰሜን ተራሮች ለመውጣት የሚዘጋጅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። «ስሊፒንግ ባጌ እስከ −10 ዲግሪ ብርድ ይችላል፣ አታስብ።» አስባለሁ እንጂ! በታኅሣሥና በጥር ግጭና ጨነቅ ካምፕ ላይ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሰዉ ግን ቁጥሩን አምኖ ይመጣል።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ደህና አምራቾች ስሊፒንግ ባግን የሚፈትኑት አይኤስኦ 23537 በሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ሙቀት የሚያመነጭ ሰው መሰል አሻንጉሊት ውስጡ ይተኛል፤ ከዚያ ስለ ብርድ ሦስት ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው የምቾት ነው፦ ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት። ሁለተኛው የገደብ ነው፦ ወንድ ተኮራምቶ እንቅልፍ የሚያገኝበት። ሦስተኛው የጽንፍ ነው። እዚያ ላይ ስለ እንቅልፍ አይወራም፤ ሕይወት ስለማትረፍ ነው። ጽንፉ −10 የሆነ ዕቃ ምቾቱ ከዜሮ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። አንዳንዴ በትልቁ ታትሞ የምታዩት ግን ይሄ ሦስተኛው ነው። ጭራሽ ሳይፈተን ቁጥር የተለጠፈበትም ሞልቷል። ስለዚህ «ምቾት» የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ ቁጥሩን እርሱት።

ደግሞ አሻንጉሊቱ የሚተኛው ልብስ ለብሶ፣ ከስሩም ተነጥፎለት ነው። ከጀርባችሁ ስር ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። አየር ካልያዘ አያሞቅም፤ መሬቱ ሙቀታችሁን ይወስደዋል። ግጭ ላይ አንድ ልጅ ውድ የሚሊተሪ ስሊፒንግ ባግ ይዞ ስስ ሸራ ላይ ተኛ። ሲንቀጠቀጥ አደረ። አጠገቡ ርካሽ ስሊፒንግ ባግና ወፍራም ፎም የያዘችው ልጅ እስኪነጋ ለጥ ብላ ተኛች። ብር ካጠራችሁ መጀመሪያ ፎሙን ግዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ፈትኑት። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ 7 እና 8 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ እደሩበት። እዚያ ከበረዳችሁ ጨነቅን አትችሉትም። እራት በደንብ ብሉ፤ ስሊፒንግ ባግ የእናንተን ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲና ቲሸርት ለዩ። ቀን ያላበ ልብስ ለብሳችሁ አትግቡ።

ስለ ሌላው ዕቃም የምሰማው ብዙ ነው። «የሚሊተሪ ከሆነ ጠንካራ ነው።» የሬንጀር ቀለም ማንም ፋብሪካ ያትማል። «ሚል ስታንዳርድ 810» የሚለው ጽሑፍም የአሜሪካ ጦር የዕቃ ፈተና መመሪያ ስም ነው፤ የትኛውን ፈተና እንደሚያደርግ የሚመርጠው አምራቹ ነው፣ ማረጋገጫ የሚሰጥ መንግሥታዊ አካል የለም። ሬንጀር መሳይ ልብስ ደግሞ ኬላ ላይ ያስቆማችኋል። ተዉት።

«የግንባር ባትሪዬ ድንጋይ 9900 ሚሊአምፔር ነው።» ውሸት ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ድንጋይ ምርጡ እንኳ ከ4000 ብዙም አያልፍም። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አብሩትና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ቤታችሁ እዩ።

«ጃኬቱ ውሃ አያስገባም።» ለብሳችሁት ሻወር ስር አስር ደቂቃ ቁሙ። ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ ካልተሸፈነ ያስገባል።

«ማጣሪያ ስላለኝ ውሃ አያሳስበኝም።» በቀጫጭን ቱቦዎች የሚሠራው ማጣሪያ ውሃ ነክቶት አንዴ በረዶ ከሠራ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም። ሌሊት ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ አስገቡት። ከተጠራጠራችሁ ውሃውን አፍሉት፤ በዚያ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

«አዲስ ጫማ መንገድ ላይ ይለመዳል።» አይለመድም፤ እግር ይልጣል። ቀድማችሁ እንጦጦን ደጋግማችሁ ውጡበት፣ በተለይ ቁልቁለቱን። ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከነካ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቀይሩ።